ደፋሩ ደፋ፣ ፈሪው አፈራ

«ጃፓን ፈሪ ነው!» አለ። ማን? ገንዳ ውኃ፣ ሻይ ቤት ደጃፍ የቆመ አንድ ደፋር። ተደግፎ የቆመው ምንን ነው? ላንድክሩዘር። ያውም ኮፋኖውን። ጎበዝ፣ ሰው ቢያንስ የሚሰድበውን ነገር ተደግፎ አይሰድብም። ቀጥ ብለህ ቁምና ስደብ! ጃፓኑ ፈርቶ ያጠበቀውን ብረት የወገብ መከዳ አድርገህ «ፈሪ» ስትል፣ መኪናው ጆሮ ቢኖረው ጥሎህ ይንከባለል ነበር። ደግነቱ የእጅ ፍሬኑም የጃፓን ነው።

ክሱ ይሰማ። ጃፓን ለአንድ ብሎን ሃያ ሰው ይሰበስባል። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ሁሉም ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ወራት ያልፋሉ፤ ብሎኑ ገና «እየተጠና» ነው። «እኛ ብንሆን በአንድ ስልክ እንጨርሰው ነበር» አለ ደፋሩ። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ጨርሰነዋል እኮ። መኪናውን። እሱ በስብሰባ ይጀምራል፤ አንተ በስብርባሪ ትጨርሳለህ። እሱ ብሎን ያጠብቃል፤ አንተ ጠበቃ ትቀጥራለህ።

«ማኅተምማ እኛም አለን፤ እንዲያውም ከቶዮታ እንበልጣለን» የሚል ታዛቢ ከኋላ ይሰማኛል። አለን! ግን ጃፓኑ ማኅተም የሚመታው ለመጠየቅ ነው፤ እኛ የምንመታው ላለመጠየቅ። እዚያ የዲዛይኑ፣ የምርቱ፣ የሽያጩና የጥገናው ሰው ሥራው ሳይጀመር ቁጭ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ሲጀመር ጭቅጭቁ አልቋል። እኛ በሞቅታ ተስማምተን እንነሣለን፤ ጭቅጭቁ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ያውም ክሪክ በሌለበት።

ታይቺ ኦኖ የሚባል የቶዮታ ሰው ነበር። አንድ ነገር ሲበላሽ አምስት ጊዜ «ለምን?» በሉ ይል ነበር። አምስት ጊዜ! አንተ አንድ ጊዜ «ለምን» የሚል ረዳት ቢገጥምህ ነጋዴ ባሕር ላይ ታወርደዋለህ። ና እስቲ አብረን እንሞክረው። ወደ አይከል ሽቅብ ሲወጣ የነበረው መኪናህ ለምን ቆመ? ሞተሩ ሞቀ። ለምን ሞቀ? ራዲያተሩ ውስጥ ውኃ የለም። ለምን የለም? ማኒኮቶው ያፈሳል። ለምን ያፈሳል? በጎማ ቁራጭ ታስሮ ነው። ለምን ታሰረ? እዚህ ላይ ደፋሩ ዝም አለ። የአምስተኛው «ለምን» መልስ ራሱ ነዋ! ማኒኮቶ ላለመግዛት ከመካኒኩ ጋር ሲከራከር ነው የከረመው። ስለዚህ ጥያቄውን ዘለለና ረዳቱን ሰደበ። የመጋቢት ሙቀት መተማ ላይ 40 ዲግሪን ሲዘል ማኒኮቶ በስድብ አይጠገንም። የጃፓኑ አምስት «ለምን» መኪና ያስነሣል። ያንተ አምስት «ችግር የለም» ሰው ያስነሣል። ወርዶ እንዲገፋ።

መለዋወጫማ አይነሣ። ግን ተነሥቷል። «ኦርጅናል ነው?» ትላለህ። «ከኦርጅናል አይለይም» ይልሃል ሻጩ። እውነቱን ነው፤ አይለይም፤ እስኪገጠም ድረስ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ «ቶዮ» ብሎ ቀርቷል። «ታ»ዋ የት ገባች? አትጨነቅ፣ ጭልጋ ሳትደርስ ከሞተሩ ውስጥ ትሰማታለህ፤ «ታ ታ ታ ታ ታ»። ዋስትና ሰጥቶህ ነበር አይደል? ደውልለት። ስልኩም «ታ» ብሎ ይዘጋል።

ለመሆኑ ይህ የጃፓን ፍርሃት ከየት መጣ? ከጥጥ! የመተማና የቋራ ሰው ነህና ጥጥ አይጠፋህም። ቶዮታ መኪና ሳያልም በፊት ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ሰው የሽመና መሣሪያ ይፈጥር ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ያወጣው መሣሪያ አንድ ክር ሲበጠስበት ራሱ ቀጥ ይላል። አልቀጥልም ይላል። በተበጠሰ ክር ጨርቅ መሥራት ያሳፍረዋል። እንግሊዞቹ ፕላት ብራዘርስ በ1929 ለዚያ የፈጠራ መብት ገንዘብ ከፈሉ። የሽመና ሀገር ነን የሚሉት እንግሊዞች! የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ የመኪና ኩባንያውን በ1937 ሲያቋቁም ያው ጠባይ ወደ መኪናው ተሻገረ። ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። አለቃ አይደለም የሚስበው፤ ተራ ሠራተኛ። እዚያ ገመድ የሳበ ይመሰገናል። እኛ ጋ ገመድ የሳበ በገመድ ይሳባል። «ጋሼ፣ ከኋላ ድምፅ አለ» ያለ ረዳት ምን ይደረጋል? ሙዚቃ ይጨመርበታል። ኩሽኔታው ያለቅሳል፤ ጋቢናው እስክስታ ይመታል።

«ካይዘንማ እኛም ጀምረናል» አለ ደፋሩ። ጀምረናል! ኢንስቲትዩቱ በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ጃፓኖቹም በጃይካ በኩል አግዘዋል፤ በደንብ የሠሩበት ድርጅቶችም አሉ፤ ሐሰት አልናገርም። አንተ ግን ከካይዘን የያዝከው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ነው። ካይዘንን ካየን ቆየን፤ ሲሠራ ያየነው ግን ስንቴ ነው? አምስቱ «ማ»ዎች በትልቁ ተጽፈው ተለጠፉ። ስድስተኛዋን «ማ» አንተ ጨመርክበት፤ «ማ ይሠራዋል?»

ነገሩ ሲጠብበት ታሪክ ውስጥ ገባ። «እኛ የዮሐንስ ልጆች ነን፤ ድፍረት በደማችን ነው!» ቆይ፣ ቆይ። የንጉሠ ነገሥቱን ስም ለተቃጠለ ጓርኒሲዮን መሸፈኛ አታድርገው። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የቆሰሉት ድንበር ሲጠብቁ ነው። አንተ የቆሰልከው የፍሬን ሸራ መጠበቅ አቅቶህ ነው። ዓመቱን ካነሣህ አይቀር ደግሞ ስማ። በዚያው 1881፣ በየካቲት፣ መተማ ላይ ጥይት ከመተኮሱ ወር እንኳ ሳይሞላ ቀድሞ፣ የጃፓኑ ሜይጂ ሕገ መንግሥታቸውን አወጁ። የኛ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ሲዘጋጅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከፊታቸው ዘርግተው ያዩት ያንኑ የጃፓኑን ነበር። ወዲያው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ተጉዘው ተመለሱና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው መጽሐፍ ጻፉ። ያን ጊዜ የጃፓን አቡጀዲ ገበያችንን አጥለቅልቆት ነበር፤ ሊቃውንቱም ጨርቁን ለብሰው «እንዴት ሠሩት?» ይሉ ነበር። አያቶችህ ለመጠየቅ መርከብ ተሳፈሩ። አንተ የሠሩትን ተሳፍረህ ትሳደባለህ።

ሌላ ክስ ቀጠለ፤ «ጃፓን አዲስ ነገር አይደፍርም። ያው መኪና፣ ያው ፊት፣ አርባ ዓመት!» ባለ 70ው ላንድክሩዘር ገበያ የወጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ይመረታል፤ ፊቱም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ለምን ይለውጠው? ፊቱን የሚለዋውጠው ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ክረምት ላይ ከገንዳ ውኃ ወደ ገለጎ ስትወርድ ዋልካው ጎማ ሲውጥ ለማን ነው አዲስ ፊት የምታሳየው? እዚያ የሚፈለገው ወፍራም ባሌስትራ፣ ድፍን አክሰልና የማይቀብጥ ሞተር ነው፤ ቁልፍና መዶሻ የያዘ ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ፈትቶ የሚገጥመው። መተማ የሚደርስ መኪና ውበት ሳይሆን መተማመኛ ነው የሚጠየቀው።

ድንበሩን ተሻገር ደግሞ። ሱዳኖቹ ይህንኑ ፒካፕ «ታትሸር» ይሉታል፤ በዚያች በብረቷ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም። በ1987 እ.ኤ.አ. ቻድና ሊቢያ ሲዋጉ፣ ቻዶቹ በቶዮታ ፒካፕ ታንክ ቢያሳድዱ ጦርነቱ ራሱ «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ። አየህ፣ ፈሪ በሠራው መኪና ስም ጦርነት ተጠራ። በአንተ በደፋሩ ስም የተጠራ ምን አለ? አይከል ሳይደርስ ያለችው ጠመዝማዛ። የተገለበጥክባት።

አሁንም አላረፈም። «ፈሪ ለእናቱ» ብሎ ተረተ። ተቀብለናል! የወረዳው አምቡላንስ ምንድን ነው? ላንድክሩዘር። ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ከገጠር ቀበሌ አንሥቶ፣ ጭቃውን ሰንጥቆ ሆስፒታል የሚያደርሳት ማን ነው? ያ ፈሪ። ለእናቱ ብቻ መች ሆነና፣ ለእናቶቻችን ሁሉ ተረፈ እንጂ። ደፋሩስ የት ነበር? መንገድ ዳር፣ ኮፋኖ ከፍቶ፣ ጭስ እየቆጠረ።

አይሱዙንማ ጭራሽ «አልቃይዳ» አልነው። ይህ ስም ጃፓን ተወልዶ በመርከብ መጣ? የተወለደው እዚሁ ነው፤ ቀኝ እግርህ ሥር። ስንት ኩንታል እንደሚችል በሩ ላይ ተጽፎልሃል። አንተ የራስህን ጽሑፍ ጻፍክበት፤ «እግዚአብሔር ያውቃል»። እሱማ ያውቃል፤ ለባሌስትራው ግን ማን ነገረው?

ጃፓኑማ መኪናውን በየሁለት ዓመቱ ያስመረምራል፤ ሻከን ይሉታል። ምርመራው ጥብቅ ነው፤ ወጪውም ያንገበግባል፤ ስለዚህ መኪናው ገና ሳያረጅ ይሸጠዋል። እሱ «ይብቃኝ» ብሎ ያወጣው ነው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ለእኛ «አዲስ ገባ» ይባል የነበረው። ስንቱ ዶልፊን ሚኒባስ እንዲህ መጣ! ፈሪ የጣለውን ደፋር ዘመን ይሻገርበታል። ያውም እንዴት አድርጎ? ለቦሎ ቀን ደህና ጎማ ተውሶ፣ ቦሎውን ለጥፎ፣ በማግሥቱ ጎማውን ለባለቤቱ መልሶ። ሻከንን በሽወዳ አቻቻልነው።

እዚህ ላይ ደፋሩ ስልኩን ነካክቶ ነቃ ብሎ መጣ። «ጃፓንም ይሳሳታል!» አለ። እሰይ፣ ማንበብ ጀመርክ። ጮክ ብለህ አንብብልን። በ1957 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ክራውን የምትባል መኪናውን አሜሪካ ላከ። እንዳንተ ደፍሮ። በዚያ ሰፊ ጎዳና ላይ አቅም አነሳት፤ ተንቀጠቀጠች። ምን አደረገ? መንገዱን ሰደበ? በ1960 የቤት መኪና መላኩን ገታ፤ ቤቱ ገብቶ እንደገና ሠራ፤ እስከዚያ አሜሪካ ላይ ስሙን ያቆየለት ያ የምትደገፈው ላንድክሩዘር ነበር። ቀጥል። በ2010 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ሲጠሩ፣ የመሥራቹ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዕድገታችን ከልክ በላይ ፈጥኖ ሊሆን ይችላል ብሎ አመነ። ቀጥል እንጂ! በ2023 የቶዮታው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተና ላይ ሲያጭበረብር ተያዘ፤ መርማሪዎቹም ጣታቸውን የቀሰሩት በተጣደፈው የጊዜ ሰሌዳ ላይ ነው። አሁን ስልክህን ዝጋ። ጃፓኑ የወደቀው ጃፓን ስለሆነ አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜ አንተን ስለሆነ ነው።

«ኤሌክትሪክስ?» አለ፣ ዓይኑ እየበራ። አንድ ነጥብ ያዝ፤ ምጽዋት አይደለም፣ ይገባሃል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ሲከለክል፣ በሩ ላይ ቀድመው የተሰለፉት ቻይናዎቹ ናቸው። ቶዮታ ገና ጫማውን እያሰረ ነበር። ጥንቃቄም ከበዛ ገበያ ያመልጠዋል፤ ይህን ለመካድ እንዳንተ ደፋር መሆን ያስፈልጋል። ግን ነጥብህን ሳትውጣት ይህችን ስማ። ያው ዘገምተኛ በ2022 እ.ኤ.አ. ቢዜድ ፎር ኤክስ የምትባል ኤሌክትሪክ መኪናውን አወጣ፤ የጎማዋ ብሎን ሊላላ እንደሚችል ታወቀ። የተሸጠውና ለሽያጭ የተዘጋጀው ገና 2,700 ገደማ ነው። ምን አለ? «አትንዷት» አለ። መልሱልኝ አለ። ከፈለጋችሁ እኔው ልግዛችሁ አለ። ለሚላላ ብሎን! አንተ ከስድስት ብሎን አራቱ ካሉ «ሙሉ ነው፣ ግባ!» ብለህ ከአዘዞ ትነሣለህ። ነጥቤን መልስ።

የጃፓን ፍርሃት በመኪና ብቻ አያበቃም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ቡናችን ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ጭነት ስትይዝ፣ ያንተ ቢጤ ሁሉ «ተንኮል ነው!» አለ። ጥርጣሬው ዞሮ ዞሮ ቡናው በተጓዘበት ጆንያ ላይ አረፈ። ጆንያውን ማን ፈርቶት ነበር? ማንም። ችግሩም እሱ ነው። ያቺው ጃፓን የምትበላውን ሰሊጥ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ነው የምታስገባው። ገበያው እዚያ አፉን ከፍቶ ቁጭ ብሏል፤ አንተ እዚህ ለሚዛን ብለህ ጠጠር ትጨምራለህ። የምርት ገበያው ሰው ናሙና አውጥቶ ሲያበጥርብህ ደግሞ «ተንኮል ነው!» ሰሊጥ ያመረተ ሁሉ ሰለጠነ ያለ ማን ነው?

የሚያስቀው ግን ገና አልመጣም። ታዛቢዎች ቀረብ በሉ፤ የዚህን ሰው ምሥጢር ላወጣ ነው። ይህ ደፋር ማሳው ላይ ጃፓን ነው! ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ቆሞ ከደረቀ ከረጢቱ ይከፈትና ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ከረጢት ቢጫ ሲሆን፣ አፉን ሳይከፍት ያሳጭዳል። ነዶውን አስሮ አፉን ወደ ላይ አቁሞ ያደርቃል። ሸራ ሳያነጥፍ አንዲት ነዶ አያስነካም። ሳሉጉ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ነዶውን አንሥቶ ሊገለብጥ ሲል ደፋሩ ከኋላ ይጮሃል፤ «ቀስ! ቀስ በል! ይረግፋል!» ማን ነው «ቀስ» ያለው? ፈጣኑ! ማን ነው ስለ አንዲት ቅንጣት የሚንቀጠቀጠው? ደፋሩ! ማሳው ላይ የማይጠይቀው «ለምን» የለም፤ የማይፈራው ነፋስ የለም። ጥንቃቄ ምን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም ማለት ነው። ጋቢና ሲገባ ነው የሚጠፋው።

ከዚያ ኅዳር ይመጣል። በቅንጣት የተለቀመውን ሰሊጥ በኩንታል ይጭነዋል። በላላ ብሎን ላይ፣ በታሰረ ማኒኮቶ ላይ፣ «ታ ታ ታ» በሚል ሞተር ላይ። «በለው!» ይላል። ይለዋል። ጠመዝማዛው ላይ ሰሊጡን ደፋ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። ጃፓኑ ፈራ፣ አፈራ። እሱ አልፈራም፣ አፈረ።

ታዛቢዎች፣ ፍርዱን ለእናንተ አልተውም፤ ፈርጄ ጨርሻለሁ። ይህ ሰው ድፍረቱን ሻይ ቤት፣ ፍርሃቱን ጋቢና እንዲያደርግ ተወስኗል። ይግባኝ የለውም፤ ጠበቃ ሊቀጥር ከሄደ መጀመሪያ ብሎኑን ያጥብቅ። እናንተም ነገ ማለዳ ወደ ጎንደር የምትወጡ ከሆነ በሱ መኪና አትሳፈሩ። መናኸሪያው ውስጥ ዞር ዞር በሉ። ከመነሣቱ በፊት ወርዶ ዘይቱን የሚለካ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ የሚነካ፣ ከተጻፈለት በላይ አልጭንም ብሎ ከነጋዴ ጋር የሚጣላ ሹፌር ካገኛችሁ፣ ሌሎቹ «ፈሪ!» እያሉ ቢስቁበትም ቦታ ሳይሞላ ግቡ።